የተዋበች እሺታ

ልብስ ሰፊው ገብረየስ ስብሰባ የሚወድ ሰው አልነበረም። ቀበሌ ሲጠራው ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ እጅ አውጡ ሲባል ጎረቤቱን አይቶ ያወጣል። በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን ስብሰባ አፍቃሪ ሆነ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ደርቦ ሲወጣ ያየ የሀዋሳ ሰው፣ የታመመች ሚስት ይዞ እንኳ ከስብሰባ አይቀርም እያለ ያዝንለት ነበር።

ሚስቱን ተዋበችን ደም ግፊት የጣላት በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ፤ ከአንደበቷም የተረፈላት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «እሺ»። ራባት ወይ ቢሏት እሺ፣ አመማት ወይ ቢሏት እሺ። ጤነኛ ሳለች በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አልነበረችም። ደንበኛ የማይሆን ነገር ሲጠይቅ ገብረየስ ይለሳለሳል፤ እምቢ የምትለው እሷ ነበረች።

ያጥባታል፣ ያጎርሳታል፣ ያገላብጣታል፤ በመሀሉ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሰባት ወር እንዲህ ከረመ። አንድ እሁድ ጣሪያው የተጫነው መሰለውና ብድግ አለ።

«ቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ልሂድ?» አላት።

«እሺ።»

እግሩ ግን ወደ ሐይቅ ዳር ወሰደው። ሣር ላይ ተቀምጦ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር በቆርኪ ዳማ ተጫወተ። ተሸነፈ፤ ሲያሾፉበት ሳቀ። የገዛ ሳቁን ሲሰማ ደነገጠ። ቤቱ ተመልሶ አጠገቧ ሲቀመጥ፣ ተዋበች በደህናው እጇ ሱሪውን ዳብሳ አንድ ነገር ለቅማ ጣለች። ልብ አላለውም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ይጠይቃታል፣ እሺ ትላለች፣ ይሄዳል። አስፈቅጄ ነው የወጣሁት እያለ ራሱን ያጽናናል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ሳያስበው «ወይስ ልቅር?» አላት። «እሺ» አለች። ዓይኗን ላለማየት ኮቱን እየቆለፈ ወጣ። ዳግመኛ ልቅር ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ወደቀች። ገብረየስ ከዳማው ሲመለስ ጎረቤቱ ታቢታ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ታቢታ ጸሎት ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ እሁድን ከቤቷ የምትውል የሲዳማ ሴት ናት። ድምፅ ሰምታ ስትገባ ተዋበችን መሬት ላይ በግንባሯ ተደፍታ አገኘቻት። አንስታ አስተኛቻት፤ ቁስሏንም አጥባ አሰረችላት።

«ጋሼ ገብረየስ፣ እርስዎን ለማስጠራት ቀበሌ ሰው ልኬ ነበር» አለችው።

ገብረየስ የኮቱን ቁልፍ ይፈታ ጀመር።

«አዳራሹ ዝግ ነው አሉኝ። ሰኔ ከገባ ጀምሮ እሁድ ስብሰባ የለም አሉ። እርስዎን ሐይቅ ዳር ያየ ሰውም አለ።»

ብትሰድበው በወደደ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐይቅ ዳር ልሂድ ቢሉኝ እቀመጥላት ነበር። እርስዎስ ሰው አይደሉ?» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች። ይህ ከስድብ ባሰበት። መጠየቅ የነበረበት እምቢ ማለት የምትችለዋን ታቢታን ነበር።

ገብቶ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። በግንባሯ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየ፤ ከራሱ መኪና ሥር የወደቀ የዩኒፎርም ቁራጭ ነው።

«ተዋቡ፣ ስብሰባ አልነበረም» አላት። «ዳማ ስጫወት ነው የከረምኩት። እሺ ስትይኝ፣ እሺ ማለትሽ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።»

«እሺ» አለች።

ከዚያም ግራ እጇን ወደ ጭኑ ሰደደች፤ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ጭጎጎት በተጠረገው የቀበሌ ግቢ አይበቅልም፤ ከሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ ነው የሚገኘው። ገብረየስ ገና አሁን ገባው። እሁድ እሁድ ስትለቅምለት ከርማለች።

ተቆጥታ ይሁን አዝናለት ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ መልሱን ያውቀዋልና መልሶ ዘጋው። ከሱሪው ጫፍ የቀረውን መድረስ ሲያቅታት፣ እግሩን አንስቶ ወደ እጇ አቀረበላት።