ወደ ባሕሩ በትከሻ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አዲስ ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ ሰሌዳ ሳላነብ አላልፍም፤ የጠጅ ቤቱንም የክሊኒኩንም አነባለሁ። ይሄኛው ጮቄ አናት ላይ ስላለው ሐይቅ ነው። «ወደ ሐይቁ እንዴት ይደርሳሉ?» ይላል። በመኪና እስከ አስታ ሜዳ። ከአስታ ሜዳ በኪራይ በቅሎ፤ የመንደሩ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ ነው። የፈለገ ደግሞ በእግሩ።

አስታ ሜዳ፣ እንግዳ ተቀባይ። እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ።

እኛ ሐይቅ አንለውም፤ ባሕሩ ነው የምንለው። ጸበል ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ እኔ ጢሜ ገና ብቅ ሲል፣ የእናቴ ጉልበት እንደ ቅል አብጦ መራመድ አቃታት። ክረምቱን ሙሉ መደብ ላይ ተኝታ «ባሕሩ ውስጥ ካልገባሁ አልድንም» አለች። እሷ አንድ ነገር ካለች አለች ነው።

ቤታችን ከአምበር በታች ነበር። ከዚያ እስከ ባሕሩ በምን ይኬዳል? የጣሊያን ካሚዮን በአዲሱ መንገድ ሲጮህ ይውላል፤ ወደ ተራራው ግን አይወጣም፤ ቢወጣስ እናቴ ትሳፈርበታለች? በቅሏችንን ጣሊያኖች ሰኔ ላይ ወስደው ጥይት ጫኑባት፤ በዚያው ቀረች። እግር ለጤነኛ ነው። የቀረን ቃሬዛ ነበር።

የቃሬዛን ወግ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ታማሚ የሚሸከመው ዘመድ ብቻ አይደለም። አንዱ መንደር እስከ ወሰኑ ይሸከማል፤ ወሰኑ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ የማዶው ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶ ይቀበላል። ማን ነህ አይባልም፣ ደመኛ እንኳ ቢሆን። ሰው እንዲህ እየተቀባበለ ከቆላ ደጋ ይደርስ ነበር። ጣሊያን መንገድ አመጣልን የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምናደደው ለዚህ ነው።

ጥቅምት ላይ ተነሳን። ጭቃው ደርቋል፤ የባቄላው አበባ ሽታ መንገዱን ሁሉ ይከተለናል። አጎቴ አያ ተገኘ በሶ በስልቻ ይዞ ነበር፤ በየምንጩ እየበጠበጥን ጠጣን። የየመንደሩ ሰው እየተቀባበለ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድረን፣ ወደ ላይ ወጣን። እናቴ ከቃሬዛው ላይ ሆና ትሰድበናለች፤ «ቀስ በሉ እንጂ፣ የተሸከማችሁት ጭድ መሰላችሁ?»

አስታ ሜዳ ወሰን ላይ ስንደርስ ወንዙ ዳር አወረድናት። አያ ተገኘ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፤ «የአስታ ሜዳ ሰው፣ ታማሚ ይዘናል፣ ተቀበሉን።» ማዶ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ይታዩናል። ቀና አሉ። አዩን። መልሰው ጎንበስ አሉ።

ቆይቶ ጭቃ ሹማቸው ብቻውን በበቅሎ መጣ። በቅሎዋ የሰባች ናት፤ ኮርቻዋ አዲስ። ከላይዋ ሳይወርድ፣

«ቁስለኛ ሽፍታ በቃሬዛ አሳልፋችኋል ተብሎ ጎረቤታችን ያለው መንደር ተቃጥሏል» አለ። ሽፍታ የሚለው አርበኛውን ነው። «የተሸፈነ ሰው አንሸከምም።»

«እህቴ ናት» አለ አያ ተገኘ። «ጉልበቷን ነው ያመማት።»

«ግለጧትና ልያት።»

እኔ ዱላዬን ጨበጥኩ። እናቴ ግን ቀደመችኝ። ጋቢውን ከፊቷ ገፍታ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«እየኝ» አለችው። «ጢም አለኝ?»

ሰውየው አፈረ። ግን አልወረደም። «ሴት መሆንዎንስ አየሁ፤ ነገር ግን...» አለ።

«እንግዲያስ በቅሎዋን አውሰን» አልኩት።

«የኔ አይደለችም፣ የመንግሥት ናት።»

«የየትኛው መንግሥት?» አለች እናቴ። በቅሎዋን አዙሮ ሄደ።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ጣሊያን ቤት ያቃጥል ነበር፣ አልዋሸም። ግን አይቶ ካረጋገጠ በኋላስ ምን ፈራ? ይህንን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ያደረሱን ሰዎች ወደ መንደራቸው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም፤ በእነሱ መንደር ጣሊያን ማታ ማታ ወንዱን ይቆጥር ነበር፤ ያልተገኘ ሸፈተ ይባላል። እናቴን በጋቢ አዝዬ ተነሳሁ። አያ ተገኘ ከኋላ ይደግፈኛል። ከአስታ ሜዳ በላይ ገብሱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጅባራና ነፋስ ብቻ ነው። ትንፋሼ ሲያጥር ቆም አልኩ።

«ደከመህ?» አለችኝ ከጀርባዬ።

«አልደከመኝም።»

«ታዲያ እንደ ወናፍ የሚነፋው ማነው?»

ባሕሩ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ድምፅ የለውም። እናቴ ከነልብሷ ገባች። እዚያው ዳር ባለ ዋሻ ውስጥ ሱባኤዋን ጨርሳ፣ ስንመለስ በዱላ እየተደገፈች በእግሯ ወረደች። ያዳናት ውሃው ይሁን ብርዱ ይሁን ንዴቷ አላውቅም። በአስታ ሜዳ ስናልፍ የሚጠጣ ውሃ እንኳ አልጠየቅንም።

በዓመቱ፣ ጣሊያን ገና ሳይወጣ፣ ከእኛ ወሰን ላይ የቃሬዛ ጥሪ ሰማን። ያ ጭቃ ሹም ነው። የመንግሥት በቅሎው ረግጣው ጭኑ ተሰብሯል፤ የሚታወቀው ወጌሻ ደግሞ ያለው ከእኛ በታች ነው። ማንነቱን ስሰማ «እዚያው ይሽተት» ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተነስና ተሸከም» አለች እናቴ።

«ይሄንን ሰው?»

«እና እኛም አስታ ሜዳ እንሁን?»

ተሸከምኩት። በፊት በኩል፣ ከባዱን ጫፍ። ሰውየው ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ነበር። የታችኛው ወሰን ላይ ስናወርደው፣ ከጋቢው ሥር «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለኝ። ጋቢውን ገለጥኩና ፊቱን አየሁት። ደህና አድርጌ አየሁት። ከዚያ መልሼ ሸፈንኩት። ትከሻዬን አገኘ እንጂ ይቅርታዬን አላገኘም። አሁን ሞቷል፤ እኔም በቅርቡ እሞታለሁ፤ ነገሩ እንደዚያው ነው።

ሰዎች ጊዜ ሲያልፍ ንዴት ያልፋል ይላሉ። የኔ አላለፈም። ቤት ያቃጠለውን ጣሊያን ሳስታውስ እንኳ ያን ያህል አይነደኝም፤ እሱ ቀድሞም ጠላት ነበር። የሚያንገበግቡኝ ቀና ብለው አይተውን መልሰው ያጎነበሱት አጫጆች ናቸው።

ሰሌዳው ሥር እንዲህ ስብሰለሰል ቦርሳ ያዘለ ወጣት ጠጋ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ያውቁታል? በየትኛው ቢኬድ ይሻላል?»

«ጉልበት ሳለህ በእግርህ ሂድ» አልኩት። «የአስታ ሜዳን በቅሎ አትከራይ።»

«ለምን፣ ይራገጣሉ እንዴ?»

«አንዷ ትራገጥ ነበር» አልኩት። «ከመንደሩ ሁሉ ደጓ እሷ ነበረች።»