ዱላው ሲወርድ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ከዘራና አንድ የጎልፍ ዱላ ይዞ ነበር። ዱላው በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለነበር መጀመሪያ ጠመንጃ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሻንጣውን ስፈታ ደግሞ በካልሲ ውስጥ የታሰሩ ሦስት ነጫጭ ኳሶች አገኘሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራው ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። ተጫዋች አልነበረም። የተጫዋቾችን ዱላ ተሸክሞ እየተከተለ ኳሱ የወደቀበትን የሚያሳይ ሰው ነበር፤ ካዲ ይሉታል። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች፤ ልጁ ሥራ ላይ ናት። "ለጥቂት ጊዜ እትዬ ዘንድ ልሁን" ብሎ ወረታ እኔ ቤት ገባ። በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነበርኩ።

ልጁ በስልክ የነገረችኝ ግልጽ ነበር፤ እሱም ከጎኔ ሆኖ ሰምቷል።

"አክስቴ፣ ለሆሳዕና እመጣለሁ። እስከዚያ ያለ ሰው ድጋፍ መሄድ ካልቻለ ይዤው እመለሳለሁ። እርስዎም ደክመዋል፤ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?"

እውነቷን ነው። የምትኖረው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ከወጣ እንደማይወርድ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እኔ ግን ከዚያ ስልክ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ምስር ስለቅም እነሳለሁ፣ ልብስ ሳጥብ እነሳለሁ፤ በሩ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሆሳዕና የደረሰ እየመሰለኝ ብቅ ብዬ አያለሁ።

የሆስፒታሉ ባለሙያ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲራመድ አዝዞት ነበር። አይራመድም። በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ይዞ እስከ ሽንት ቤት ይሄድና ተመልሶ ይቀመጣል። ዱላውን ማወዛወዝ ግን አይሰለቸውም። በየጠዋቱ ደግፌ ከቤቴ ጀርባ ወዳለው ሜዳ አወጣዋለሁ፤ ከዘራውን ለእኔ ይሰጥና ዱላውን ይይዛል።

ያኔ ሩዙ ከታጨደ ቆይቷል፤ በእርጥበቱ የተዘራው ጓያም ተነቅሏል። የእኛ ሜዳ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ነው። በጋ ሲገፋ እየተሰነጠቀ እጅ እስከ ክርን የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። የመጀመሪያውን ኳስ የዱላው ጫፍ ነካ አደረገው፤ ጥቂት ተንከባሎ ስንጥቅ ውስጥ ገባና ጠፋ። በእንጨት ፈልጌ አጣሁት።

"እዚያ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ለማስገባት ቀኑን ሙሉ ይለፋሉ" አለኝ እየሳቀ። "እዚህ ሳትፈልጊውም ይገባል።"

ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከብቶቹን በዚያ በኩል ወደ ግጦሽ የሚነዳ ጎረቤት አለን። ቆሞ አየውና፦

"ጋሼ፣ ገና ካለፈ እኮ ስንት ጊዜው! ለመጪው ነው የሚለማመዱት?"

"ለመጪው ነው። አንተ በሬዎችህን አርቅ።"

"ምን ያርቃቸዋል? እነሱም አውቀውዎታል፤ ቀና ብለው እንኳ አያዩዎትም!"

በሬዎቹ እውነትም ቀና አላሉም። ወንድሜ ሳቀ፤ ግን ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሳቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በኃይል መምታት ጀመረ። በኃይል በመታ ቁጥር ዱላው ከኳሱ በፊት አፈሩን ይቆፍራል።

"ምን እየሆነ ነው?" አልኩት።

"ዱላውን ወደ ላይ ማንም ያወጣዋል" አለ። "ነገሩ ያለው ሲወርድ ነው። ሲወርድ እጅ ይቸኩላል፤ እጅ ከቀደመ አፈር ትመቻለሽ። መጀመሪያ ግራ እግር መሬቱን ይጫናል። ከዚያ ወገብ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተለዋል። እጅ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ዱላው ደግሞ ከእጅም በኋላ። እኔ ሰውዬው ሳይመታ እግሩን አይቼ ኳሱ የት እንደሚወድቅ አውቅ ነበር። ሌላው ካዲ ቆሞ ሲያይ እኔ መንገድ ጀምሬያለሁ።"

ያውቀዋል ማለት ነው። አያደርገውም። ሦስት ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከእጁ ይልቅ እግሩን አየሁ። ዱላው ሲወርድ ክብደቱ ሁሉ ቀኝ እግሩ ላይ ይቀራል፤ የግራው ተረከዝ መሬት የነካ ይመስላል እንጂ አልነካም። ሰውነቱ ወደ ኋላ እየሸሸ በክንዱ ብቻ ይመታል።

ይህን ስሕተት አውቀዋለሁ። ከዐሥረኛ ክፍል ወጥቼ ስዳር እርሻ ሥራ አላውቅም ነበር። አማቴ ኑግ በዱላ እየወቃች ያደገች ሴት ናት። ኋላ ሩዝ ወደ ሜዳችን ሲገባ፣ ለዘር የሚሆነውን ነዶ እንዳይሰበር በእጃችን ይዘን ግንድ ላይ እንመታው ነበር። በሁለተኛው ቀን ትከሻዬ አልነሣ አለ። አማቴ አየችኝና "ክንድሽ የት ይደርሳል? በእግርሽ ምቺ" አለችኝ። ያኔ ያፌዘችብኝ መስሎኝ ተቀየምኳት። ኋላ ትከሻዬ ጨርሶ እንቢ ሲል ነው ያለችው የገባኝ፤ ነዶው ሲወርድ የፊት እግሬን ከተጫንኩ ክንዴ የሚሠራው ጥቂት ነው።

ለወንድሜ ከመናገሬ በፊት ግቢ ውስጥ አንድ እፍኝ ገለባ ይዤ ግንድ መትቼ ሞከርኩ። ሰባ ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም፤ ሰው እንዳያየኝ አጥሩን ዞር ብዬ አይቻለሁ። ልክ ነበርኩ።

"ግራ እግርህን አታምነውም" አልኩት።

ዱላውን አወረደ። "አንቺ ደግሞ ጎልፍ መቼ ተማርሽ?"

"ሩዝ ስመታ።"

"አስገቢኝ" አለ። አስገባሁት። ያን ዕለት ከጾሙ ሰዓት በኋላም እህል አልቀመሰም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። መናገሬ ቆጨኝ። ሳህኑን ሦስት ጊዜ አሙቄ ሦስት ጊዜ መለስኩት።

በማግሥቱ ጫማውን እያደረግሁለት ሳለ "የቱ ጋ ነው የማይጫነው?" አለኝ።

"ተረከዝህ።"

"አይሰማኝም እኮ፣ እትዬ። መውረዱንም አለመውረዱንም አላውቀውም።"

ይህን ለማንም ነግሮ እንደማያውቅ ገባኝ። አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አምጥቼ ጨፈለቅሁና ሜዳው ላይ ከግራ ተረከዙ ሥር አደረግሁት። ክብደት ሲያርፍበት ይንቋቋል። እግሩ ባይነግረው ጆሮው ይነግረዋል። የእኔ ሥራ ማዳመጥ ሆነ፤ ፕላስቲኩ ከኳሱ በፊት መጮህ አለበት።

መጀመሪያ ጨርሶ አልጮኸም። ቀጥሎ ከምቱ በኋላ ይጮህ ጀመር። "ዘገየህ" እለዋለሁ፤ "ሰምቻለሁ" ይለኛል ተቆጥቶ። ደብረ ዘይት አለፈ። አንድ ጠዋት እግሩን ከልቡ ተጫነና ጉልበቱ ከዳው፤ ልይዘው ስል ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። መነሣት አቅቶን ጎረቤታችን ከብቶቹን ትቶ እስኪመጣ እዚያው ተቀመጥን።

"ሁለት ሽማግሌ በአንድ ኳስ!" አለ እያነሣን።

"ልጅቷ እንዳትሰማ" አለ ወንድሜ። ለእኔም ለጎረቤቱም ነበር።

ሁለተኛው ኳስ በዚያው ሳምንት ስንጥቅ ገባ። ቀኑ እያለቀ ሄደ። መጥረጊያዬን ይዤ እነሳለሁ፣ አስቀምጬ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። ሻንጣው ጥግ ላይ ነበር፤ እንዳላየው ነጠላ አለበስኩት።

ልጅቷ እሑድ ትመጣለች ብለን ስንጠብቅ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰች። እኛ ሜዳው ላይ ነበርን። ከቤቱ ጥግ ብቅ ስትል አየኋት፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። አልነገርኩትም። ዱላው ወደ ላይ ወጥቷል።

ፕላስቲኩ ጮኸ። ከዚያ ኳሱ ጮኸ።

ብዙ ከፍ አላለም። በገለባው ክምር አጠገብ ዝቅ ብሎ አለፈ። ዐይኔን ከኳሱ ስመልስ ወንድሜ የለም፤ ሄዷል። ዱላውን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ግራ እግሩን እየሳበ፣ ስንጥቁን እየተሻገረ ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል። ከዘራው እኔ እጅ ላይ ነበር።

አጠገቤ ደርሳ "አባ—" ስትል ክንዷን ያዝኩ።

"ዝም በይ!" አልኳት። ካሰብኩት በላይ ክፉ ድምፅ ወጣኝ።

እርምጃውን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ነበር። ቆሞ ወደ መሬት አየ።

"ገብቷል!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ እጁ ከዘራውን ፈለገ፤ ዞር ሲል ከዘራው ያለበትን ቦታ አየ፤ ልጁንም አየ። ረጅም ጊዜ እንደቆመ ቀረ። ልሄድለት ስነሣ "እዚያው ሁኚ" አለኝ። ሲመለስ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። አንዴ ሊወድቅ ተንገዳገደ፤ ልጅቷ ዐይኗን በእጇ ሸፈነች። እኔ አልሸፈንኩም።

ሲደርስ ልጁን ሳመ። "ያለ ሰው ድጋፍ ብለሽ ነበር አሉ" አላት።

"ብዬ ነበር" አለች።

ሰኞ ማለዳ ብቻዋን ተሳፈረች። ባጃጁ ላይ ሆና "ክረምት ሲገባ እንነጋገራለን፣ አክስቴ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሐምሌ ላይ ውኃው ሜዳውን ሲሸፍን ስንጥቁ ይገጥማል፤ ሦስቱም ኳሶች ከሩዙ ሥር ይቀራሉ። አሁን ያለ ኳስ ያወዛውዛል። በቀን ሁለት ጊዜ ከዘራውን ይዞ እስከ አስፋልቱ ይሄድና የሚያልፈውን የጭነት መኪና አይቶ ይመለሳል። እኔ አሁንም ተቀምጬ መዋል አልቻልኩም። ሲወጣ ከበሩ ኋላ ቆሜ ግራ እግሩ መሬት ሲነካ አዳምጣለሁ።