ለባሌ ተዝካር የተከለከልኩት ዱቤ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረ ጊዜ ነው። ዱር የገባው ባሌ ሞተ ተብሎ መርዶ መጣብኝ፤ አለቀስኩ፣ ጥቁር ለበስኩ። ለተዝካሩ በርበሬና ጨው በዱቤ ልወስድ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ አያ ታምሩ አይሰጣት ብሏል እኮ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

አያ ታምሩ ማለት ነጋዴው ሁሉ የሰውን መታመን የሚጠይቀው ደላላ ነው። እሱ «አትከፍልም» ካለ፣ አንቺ በታቦት ብትምይ የሚሰማሽ የለም። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የሰው ብድር አስቀርቼ አላውቅም! እየነደድኩ ሄጄ ከበቅሎ ተራ አገኘሁትና ጋቢውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«አንተ የሰው ስም አራጅ! አትከፍልም ያለህ ማን ነው? ሰውዬዬ ያለ ተዝካር ይቅር?»

ግራ ቀኙን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ቀስ በይ፣ እቴ! ስምሽንስ ማንም አላጠፋው። ባለፈው ሮብ ገበያ ስሄድ ያገኘሁት ራሱን ባልሽን ነው። ‹ማልቀሷ ደግ ነው፣ ጣሊያን መሞቴን አመነ። ለተዝካሬ ግን ዱቤ እንዳትሰጧት፤ ስመለስ ከፋዩ እኔው ነኝ› አለኝ።»