አጥር ሥር የተቆፈረው ካሳቫ

ኤልያማ ፈሪ ናት። ይህን የማያውቅ ሰው በደቡብ ሕንድ፣ በኢዱኪ ተራራ በዚያ ጥግ አይገኝም። መብረቅ ሲጮህ አልጋ ሥር ትገባለች፤ የዓሣ ወጥ ስታቀርብ «አጥንቱን አደራ» ሳትል አታልፍም፤ ልጇ ሳጁ አውቶቡሱን ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከዓይኗ እስኪሰወር መንገድ ዳር ቆማ ታማትባለች። ደንበኞቿ የገዛ ጥላዋን አይታ ማነው ትላለች እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ።

መፍራቷ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ገና ሕፃን ሳለች ነው አባቷ ጫካ ሊመነጥር ከቆላ ይዟት የወጣው፤ ሌሊት ሌሊት ዝሆን የጎረቤት ጎጆ ሲያፈርስ እየሰማች ነው ያደገችው። ኋላ ማታይን አገባች። ማታይ አንድ ቀን ጠዋት ከእጇ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ዛፍ ላይ የሚጠመጠመውን ቁንዶ በርበሬ ሊለቅም ወጣ፤ መሰላሉ ተንሸራተተበትና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በቃሬዛ መለሱላት። ሳጁ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። ከዚያ ወዲህ በልቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ ተመልሶ የሚመጣ አይመስላትም።

ታዲያ መኖር አለና፣ አውቶቡስ በሚዞርበት ጥግ ላይ አራት ቆርቆሮ አቁማ ምግብ ቤት ከፈተች። ካሳቫ የሚሉትን ሥራ ሥር ትቀቅላለች፤ ከተፈጨ ኮኮናትና ከቃሪያ ጋር ትደቁሰዋለች፤ በሙዝ ቅጠል ላይ ከምራ ከአጠገቡ ቀይ የዓሣ ወጥ ታፈስበታለች። ወጡ በጥቁር ኮምጣጣ ፍሬ ስለሚሠራ ገና ሽታው ሲመጣ አፍ በምራቅ ይሞላል። ቄሱም፣ ሹፌሩም፣ የሄል ቅመም እርሻ ሠራተኛውም እዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ በእጁ ይበላል። ቤቷ ምን ቤት ናት፣ ዝናብ ሲዘንብ መነጋገር እንኳ አይቻልባትም። ግን ከኤልያማ እጅ በልቶ ሆዱን የያዘ ሰው የለም። በዚህ ዓለም የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

የምትጠላው ሰው ደግሞ ግሬሲን ነው። ግሬሲ ቁልቁለቱ መሀል፣ አራተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ቴሌቪዥን ያለው ምግብ ቤት ከፍታ የኤልያማን ደንበኛ ግማሹን ወስዳባታለች። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አንዷ ፊት ከቆመች ሌላዋ ኋላ ናት። ሳጁም ለእናቱ ሲል በግሬሲ ደጅ አንድም ቀን አውቶቡስ አቁሞ አያውቅም።

ያ ነገር የሆነ ዕለት ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ የሰነበተበት ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ እንጨቱ ርሶ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ካሳቫ የሚያመጣላት ኩታፓን፣ ማታ እሷ ጸሎት ላይ ሳለች፣ ጆንያውን በር ላይ አስቀምጦ ሄዷል። በጨለማው ወጥ ቤት ስትልጠው ልጣጩ ከወትሮው ጠንከር፣ ሻከር አለባት። እጇ ነግሯት ነበር። እሷ ግን የምታስበው ሳጁን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ጉዞ ሊነሳ ነው፣ ባዶ ሆዱን ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ። ሌላ ጊዜ ብዙ ውሃ አድርጋ፣ ድስቱን ከፍታ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍታ ነው የምትቀቅለው። ያን ቀን ቶሎ እንዲበስልላት ውሃውን አሳነሰች፣ ድስቱን ከደነች፣ ሳትደፋውም እዚያው ደቆሰችው።

ሳጁ የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ስትጨምርለትም በላ። ከጎኑ የነበረ አንድ የእርሻ ሠራተኛ ዛሬ መረር አላለም ወይ ቢላት፣ የመረረህ የማታ መጠጥህ ነው ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችበት። ሳጁም ፈገግ አለ፤ እጁን ታጠበ፤ እስከ በሩ የሞላውን አውቶቡስ አስነስቶ ወረደ። እሷም እንደ ልማዷ ዝናብ እየመታት አማተበች።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ ፓይሊ ከጓሮ ተጣራ። ፍየሉ ወድቃለች። የኤልያማን የካሳቫ ልጣጭ እየበላች ያደገች ፍየል ናት፤ አንድም ቀን ሆዷን ነፍቷት አያውቅም። አሁን አረፋ ደፍቃ፣ ዓይኗን ገልብጣ፣ እግሯን ታንፈራግጣለች። ኤልያማ ከፍየሏ አፍ ሥር አንድ ልጣጭ አንስታ በቀን ብርሃን አየችው።

ክው ብላ ቀረች። መራራው ካሳቫ ነው። የዱር አሳማ እንዳይደፍረው ተብሎ አጥር ሥር የሚተከለው፣ ሦስት ጊዜ ውሃው ካልተደፋ በአፍ የማይዞረው። ኩታፓን መሀል እርሻው ጭቃ ቢሆንበት ከአጥሩ ሥር ቆፍሮ አምጥቶላታል፤ ስታየው ታውቀዋለች ብሎ ነው። እውነቱን ነው፣ ማን እንደ ኤልያማ ያውቀዋል?

ዝም ልበል የሚል ሐሳብ አልመጣባትም ማለት ውሸት ነው። መጣባት። ማን አየ፣ ማንስ አወቀ፣ ምናልባት ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። ግን ሳጁ ሁለት ጊዜ ጥርግ አድርጎ የበላበት ቅጠል ዓይኗ ላይ ድቅን አለና ሐሳቡ እንደመጣ ጠፋ። ወደ ቤት ሮጣ ገባች፤ የቀረበውን ቅጠል ሁሉ በክንዷ ጠርጋ መሬት ጣለችው።

«አትብሉ፤ መርዝ ነው ያበላኋችሁ» አለች።

ሳቁባት። እትዬ ኤልያማ ዛሬ ደግሞ ምን አስፈራት አሉ። ፓይሊ የሞተች ፍየሉን በሁለት እግሯ እየጎተተ እስኪገባ ድረስ ሳቁ። ከዚያ መረረኝ ያለው ሰውዬ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ ወደ ውጭ ሮጠ።

ኤልያማ ስልኳን አንስታ ደወለች። የሳጁ ስልክ ይጠራል፣ ማንም አያነሳውም። እንዳያነሳ ደግሞ ያስማለችው ራሷ ናት፤ መሪ ይዘህ ስልክ ብታነሳ የአባትህ አጥንት ይፋረድህ ብላዋለች። መራራው ካሳቫ መጀመሪያ ራስ ነው የሚያዞረው፤ ከዚያ ዓይን ያፈዛል፤ ከዚያ እጅና እግር አይታዘዝም። መንገዱ በአንድ ወገን ገደል ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ገበያ የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ። አንድ ልጇን ብቻ ሳይሆን አገሩን ሁሉ በአንድ ድስት ገደል የከተተች መሰላት።

የተሳፋሪ ቁጥር የያዘ ሰው አልተገኘም፤ መንገዱ ላይም ከግሬሲ ሌላ ስልክ ያለው ቤት የለም። የግሬሲን ቁጥር ደግሞ ኤልያማ ከየት አምጥታ? ፓይሊ ጉሮሮውን ጠረገና ዓይኗን ሳያይ ከስልኩ ላይ አወጣላት። ሌላ ቀን ቢሆን አንተ ከሃዲ ትለው ነበር።

«ግሬሲ፣ ኤልያማ ነኝ» አለች።

ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠለች።

«ልጄን በገዛ እጄ መርዝ አብልቼዋለሁ። መራራ ካሳቫ ነው፣ ውሃውን አልደፋሁትም። አውቶቡሱን ይዞ ወዳንቺ እየወረደ ነው። ስለ እመቤታችን ብለሽ መንገድ ላይ ቁሚልኝ።»

ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሳ ብትደውል አይሠራም። ግሬሲ ትስማ አትስማ፣ ብትሰማስ ትቁም አትቁም አምላክ ይወቀው።

የበሉትን ሁሉ በፓይሊ ወንድም ጂፕ ጭነው ወደ ታች ወረዱ። ኤልያማ ከሹፌሩ ጎን ሆና፣ በየመታጠፊያው አንገቷን አስግጋ ወደ ገደሉ ታያለች። የተሰበረ ግንድ ስታይ ልቧ ስንጥቅ ይላል፤ ጉም ሲከፈት ነጭ ድንጋይ ስታይ የአውቶቡሱ ጣሪያ ይመስላታል። ከኋላዋ አንዱ ያስመልሳል፣ ሌላው ራሴን ራሴን ይላል። እሷ ጸሎቱ ሁሉ ጠፍቷት «ማታይ፣ ያዘው፤ ማታይ፣ ያዘው» ብቻ ትላለች። ከሟች ባሏ ጋር ስትነጋገር የሰማት ሰው ሁሉ ያን ሰዓት ፈራ።

አራተኛው መታጠፊያ ላይ አውቶቡሱ መንገዱን ዘግቶ አግድም ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ ዝናብ ላይ ተኮልኩሏል። ሳጁ ከግሬሲ አግዳሚ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግሬሲ ከፀጉሯ እስከ እግሯ ጭቃ ሆና ግንባሩን ይዛ ታስመልሰዋለች።

«እጄን ባውለበልብ አያየኝም» አለች ግሬሲ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ዓይኑ ፈዟል። ምን ላድርግ፣ መሀል መንገድ ላይ ተቀመጥኩበት። እሱ ያቁመው ፍሬኑ ያቁመው አላውቅም፤ ጎማው እዚህ ድረስ መጥቶ ነው የቀረው።» በእጇ ክንድ የማትሞላ ርቀት አሳየቻት። ኤልያማ የግሬሲን ጭቃ እግር ያዘች።

ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ መርፌ ወጓቸው፤ ሁሉም ተረፉ። ከፍየሏ በቀር የሞተ የለም።

ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ሆነ። አግዳሚው ባዶ ቀረ። የሰደባት የለም፤ ሲያልፉ ደህና ዋልሽ ይሏታል፣ እግራቸውን ግን ይፈጥናሉ፤ ሁሉም የሚበላው ግሬሲ ዘንድ ሆነ። ኤልያማም አልተቀየመቻቸውም። እሳት ማንደድ ራሱ ያስፈራት ጀመር፤ ለራሷ እንኳ ዳቦ እየገዛች መብላት ያዘች።

ሳጁ ወደ ሥራው በሚመለስበት ጠዋት ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «እማዬ፣ ካሳቫ ሥሪልኝ» አላት።

ግሬሲ ጋ ሄደህ ብላ አለችው። አልሄድም አለ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አልተነሳም።

«ያን ቀን እኮ መሮኝ ነበር» አላት በመጨረሻ። «አውቄ ነው የበላሁት። ቆመሽ ስታዪኝ ልናገርሽ አልቻልኩም። እንግዲህ ከመረረኝ መረረኝ እልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ሥሪው።»

ይህ ነገር ከሁሉ የባሰ አመማት። ተነስታ አነደደች። ውሃውን ደፋች፣ ጨመረች፣ ደፋች፣ ጨመረች፣ ደፋች። ከደቆሰች በኋላ ራሷ ፊቱ በላችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ቅጠል ዘርግታ አቀረበችለት።

ሳጁ ሊጎርስ እጁን አነሳ። እጁ አፉ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ኤልያማ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትፈራው እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት ነበር። ልጇ የእናቱን እጅ ፈርቷል፤ አየችው። እሱም እንዳየችው አወቀ። ቢሆንም አፉ ውስጥ ከተተው፣ ቀስ ብሎ አላመጠው፣ ዋጠው።

«ጨው አንሶታል» አላት።

ኤልያማ ጨው ልታመጣ ተነሳች፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ግን እዚያው ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።