የኋላው ወንበር

አዛውንቱ ወጣት ሳሉ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር የሠሯት ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯ ግሎ አየር ላይ ቆመ። መሬት ላይ ስትከሰከስ እሳቸው እጃቸው ተቃጥሎ ተረፉ፤ ወንድማቸው ግን አልተረፉም። ይህን ለአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኛ የነገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እንደ ዋዛ።

ዘበኛው በየሳምንቱ ያያቸዋል። የነተበ ካፖርታቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅሉና፣ አሁን ብቻቸውን በሠሯት አውሮፕላን የሞተር ክዳን ውስጥ አምፖል አብርተው ዙሪያዋን ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ብርሃን ሾልኮ በታየበት ሁሉ የጎማ ቁራጭ ይለጥፋሉ፤ ብርሃን ያሳለፈ ክፍተት ነፋስም ያሳልፋልና፣ ነፋሱ ሞተሩን ሳያበርድ እንዳይባክን ነው። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ አዙረው ሞተሩን ያስነሣሉ። ዓይናቸው ከሙቀት መለኪያው ላይ አይነሣም። መርፌው ደህና ቦታ ላይ ቢቆምም ሞተሩን ያጠፉና እንደገና አምፖሉን ያበራሉ።

"ጋሼ፣ ይቺ ልጅ እንዲሁ ቆማ ልትቀር ነው እኮ!" አላቸው ዘበኛው አንድ ቀን። "የኋላው ወንበር ባዶ ነው፤ አንድ ዙር ይውሰዱኝ። እኔ እንደሆንኩ ክብደት የለኝም፣ ደሞዜን ነው የማክለው።"

አዛውንቱ ከልባቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ጠባሳ የሞላው እጃቸው የኋላው ወንበር ላይ አርፎ ነበር። የወንበሩ ቀበቶ ገና ከተጠቀለለበት ላስቲክ አልወጣም።

"ብቻዬን መውጣት አልወድም፤ ሰው ይዤ መውጣት ደግሞ እፈራለሁ" አሉ። "መውጣቱንማ ማንም ይወጣል፣ ልጄ። ትልቁ ነገር ይዘኸው ከወጣኸው ሰው ጋር መውረድ ነው።"