ከመጋዙ ጫጫታ በላይ

ጎረቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ልኬት» ይሉታል። ሳንቃ ከመቁረጡ በፊት ሁለት ጊዜ ስለሚለካ ያወጡለት ስም ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ስለሚያንስ እኔ «ጋሽ»ን ትቼ ልኬት እለዋለሁ። በአንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ትልቁን የመጋዝ ማሽን ይዞ ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ስንት በር፣ ስንት ቁም ሳጥን በእጁ አልፏል።

ልኬት የዚህ ከተማ ተወላጅ አይደለም። በሠላሳ ዓመቱ ባለቤቱን ተከትሎ መጣ፤ የከተማውንም ቋንቋ ያኔ ተማረ። እሷም የእሱን ቋንቋ ተምራለታለች፤ ቤታቸው ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው ይነገራሉ። ጸጥ ባለ ቦታ ልኬትን የሚያመልጠው ነገር የለም። ቀልድ ይገባዋል፣ አሽሙር ይገባዋል፣ ዋጋ ሲከራከርማ ተወላጁን ያስንቃል።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ወርክሾፑ አዲስ ኃላፊ ተሾመለት፤ ወጣት ግን አስተዋይ ሰው። የእንጨት ብናኝ ለሳንባ አይበጅም ብሎ ለሠራተኛው ሁሉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አደለ። ልኬት በዚያው ቀን ደነቆረ ማለት ይቻላል። ማሽኑ ሲጮህ የሚነገረው ሁሉ ጭጋግ ሆነበት። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ግማሹን የሚሰማው በዓይኑ ኖሯል፤ የሰው ከንፈር እያየ። እሱ ራሱም አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አብሮት የሚሠራው ሰው ከኋላው ሆኖ «ቆይ፣ ምስማር አለበት» ሲለው፣ ልኬት የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀና ሳንቃውን ገፋው። ምላጩ ተሰበረ፤ ስባሪው ጆሮው አጠገብ አልፎ ግድግዳ ላይ ተሰካ። ፈጣሪ አተረፈው።

ኃላፊው ቢሮ አስጠራው። «ጋሽ ልኬት፣ ጣትዎን ከሚያጡ ቦታዎን ቢያጡ ይሻላል ብዬ ነው። ቀለም ክፍል ጸጥታ አለ፤ እዚያ ይሥሩ።»

«መጋዝ ይዤ የኖርኩ ሰው በር ስቀባ ልዋል?»

«መቀባትም ሥራ ነው።»

«ሥራ ነው። የእኔ ግን አይደለም።»

ኃላፊው የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጠው። እስከዚያ ቀለም ክፍል ይቆያል። ከዚያ ማሽኑ እየሠራ፣ ኃላፊው አፉን ሸፍኖ ከጀርባው ቆሞ አሥር ትእዛዝ ይሰጠዋል። ዘጠኙን ከፈጸመ ወደ መጋዙ ይመለሳል፤ ካልፈጸመ እዚያው ቀለም ውስጥ ይቀራል።

በነጋታው ይህን ሁሉ ነገረኝ። እኔ በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ግን ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ስለ ጆሮና ስለ ንግግር የተጻፈ ነገርም ይዤ ነበር። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲሰማ ቃሉ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ገና ከመነሻው ይይዘዋል፣ ጫጫታ የበላውንም ከራሱ ይሞላዋል። አድጎ በተማረው ቋንቋ ግን የሚመሳሰሉ ቃላት አብረው ይነሱበታል፤ በተጨናነቀ አዳራሽ አንድ ስም ሲጠራ አምስት ሰው «አቤት» እንደሚለው። ትክክለኛውን እስኪለይ ተናጋሪው ርቆ ሄዷል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት።

«መድኃኒቱስ?» አለኝ።

«እዚያ ገጽ ላይ ገና አልደረስኩም።»

ባለቤቱ ገጹን አልጠበቀችም። ሬዲዮኑን ጣቢያ በሌለበት ቦታ አቁማ እስከ ጥጉ ከፈተችው። መፍጫ ማሽኑ ውስጥ ሽምብራ ጨምራ አስነሳችው። ሴት ልጃቸው የድስት ክዳን ትቀጠቅጣለች። እናትየዋ አፏን በሻሽ ሸፍና ከልኬት ጀርባ ትቆምና «ገልብጥ»፣ «ወደ ግራ ሳብ»፣ «ሁለት ጣት ቀንስ» ትላለች፤ እሱ የወጥ ቤቱን መክተፊያ እንደ ሳንቃ ይዞ ትእዛዙን ይፈጽማል። ሰፈሩ ዱቄት ንግድ የጀመሩ መስሎት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አሥሩንም መለሰ። ደረቱን ነፍቶ ሄደና ኃላፊውን እስቲ ሞክረኝ አለው። ከአሥሩ አራት ብቻ ሰማ። ሲመለስ እኔም እቤታቸው ነበርኩ።

«እዚህ አሥሩንም እየመለስክ ምን ነካህ?» አለችው።

«ለካ የተማርኩት ቋንቋውን አይደለም፤ አንቺን ነው።»

«እሱም ቢሆን አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶብሃል።»

ሳቅን እንጂ ነገሩ እውነት ነበር። ጆሮው የለመደው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው። የቀረው አምስት ቀን ነው። እሷ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና «ድምፅ አውሱኝ» እያለች የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳች። ጡረታ የወጡት ጥበቃ ጎርናና ድምፃቸውን ይዘው መጡ። ጸጉር አስተካካዩ ቃል እየዋጠ የሚናገር ሰው ነው፤ እሱም መጣ። የእኔ ድምፅ አፍንጫዬ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እንዲያም ሆኖ ተፈለግሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርስ የሌላቸው እማማ መጡ።

እማማ ሁለት ቀን በትዕግሥት ትእዛዝ ሰጡ። በሦስተኛው ቀን ሰለቻቸው። ሬዲዮኑም መፍጫውም እየጮኸ ከጀርባው ቆመው እንዲህ አሉ፦ «አንተ ልጅ፣ የቤቴ በር በተከፈተ ቁጥር ያለቅሳል። መቼ ነው የምታይልኝ?»

ልኬት ሳይዞር መለሰ፦ «ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማማ። ማጠፊያው ዘይት ቢያገኝ ነው።»

እርስ በርስ ተያየን። ይህ ከምንሰጠው የትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩን ጣልነውና ሁላችንም የመጣልንን እንናገር ጀመር።

«ጸጉርህ ከኋላ ሳስቷል» አለው አስተካካዩ።

«አንተ ስትቆርጠው ነው የሳሳው» አለ ልኬት፣ አሁንም ሳይዞር።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ ስሙን ጨመርኩ። «ልኬት» ብል ፈጣሪ ማንን እንደምል አያጣውም።

የሆነውን በኋላ ራሱ ነገረኝ። ማሽኑ ተነሣ፤ ኃላፊው አፉን ሸፍኖ ከጀርባው ቆመ። ሰባቱን ፈጸመ። ስምንተኛውን ሳተ። ዘጠነኛውን ፈጸመ። አሥረኛው ሲመጣ ጭራሽ ምንም አልያዘም። እጁን ከሳንቃው አንሥቶ ማሽኑን አጠፋ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለ።

ኃላፊው አጠገባቸው ወደቆመው የልኬት ባልደረባ ዞሮ «አንተስ? ምን አልኩ?» አለው። ያ ሰው እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው።

«እኔም አልሰማሁም።»

ኃላፊው መሸፈኛውን አውርዶ ሳቀ። «እንዴት ትሰማላችሁ፣ ግማሹን አስነጥሼበት ነው። ይኸኛው አይቆጠርም። ግን ጋሽ ልኬት፣ ሳይሰሙ ራስዎን ቢነቀንቁልኝ ኖሮ አሁን ቀለም ክፍል ነበሩ።»

ማሽኑ እንደገና ተነሣ፤ ሌላ ትእዛዝ ተሰጠ፦ ረጅሙን ጣውላ አዙሮ ከጫፉ አንድ ክንድ እንዲቆርጥ። ልኬት አዞረ፤ ቆረጠ። ኃላፊው ትከሻውን መታ አድርጎ ወጣ።

ልኬት መጋዙን ሳያጠፋ እዚያው አጠገቡ እንደቆመ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤት ደወለ። ደስታው ስለበዛ የወጣው የገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነበር።

«ምን? ምን አልክ?» አለችው ባለቤቱ።

ደግሞ ነገራት።

«አይሰማኝም። ማን ወደቀ?»

ሦስተኛ ጊዜ ነገራት። ቋንቋውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እሷም ግን አድጋ ነው የተማረችው፤ በመጋዙ ጫጫታ ውስጥ ቃሉ ሁሉ ተድበሰበሰባት።

«እባክህ ማሽኑን አጥፋና ተናገር» አለችው።

ልኬት እየሳቀ አጠፋው፤ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ በእሷ ቋንቋ ነገራት።