የማን ጭስ ነው?

ጭሱ በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይመጣ ነበር። ከዲላ በስተምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቆላ፣ ከብት አርቢዎቹ አዲስ ሣር እንዲበቅል አሮጌውን ያቃጥላሉ፤ ገበሬዎቹም የበቆሎውን አገዳ ከምረው እሳት ይለቁበታል። ጭሱ ቀን ከነፋሱ ጋር ሽቅብ ይወጣና ነፋሱ ሲቆም ከተማው ላይ ይተኛል። የታጠበ ልብስ ያጠቁራል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ካልተከደነ ወተት ላይ ጥላሸት ይጥላል። በልግ ሲዘንብ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ስለ ጭስ የሚያወራ ሰው አላስታውስም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው በጋ ግን ሰው ሁሉ «የማን ጭስ ነው?» ይል ጀመር።

ይህን የምጽፈው ስለ ወንድሜ ነው። በቅጡ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ስጀምር ሁልጊዜ ጭሱ ይቀድመኛል። ይቅደም።

ታላቄ ነበር። ከሸዋ የመጣው አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱንም ቡናውንም የያዘው እሱ ነው። ጪጩ ገበያ እየሄደ ቡና ይገዛና ለዲላ ነጋዴዎች ያስረክባል። ደረቱ ከልጅነቱ ደካማ ነበር። ሲስቅ እንኳ የሳቁ መጨረሻ ሳል ነው። በጭሱ ወራት ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል፣ ከውስጡ ፉጨት ይሰማል። አንድ መደብ ላይ ስለምንተኛ ፉጨቱን ለምጄው ነበር። እንዲያውም ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በዚያ በጋ አንድ ቀን ከጪጩ ሲመለስ ከሰሜን ጦር ሜዳ የተረፈ ሰው ገበያ ላይ ያወራውን ይዞ መጣ፤ ጣሊያን ከአውሮፕላን ስላዘነበው መርዝ።

«ሽታው እንዴት ነው አሉ?» አለችው እናቴ።

«አንዱ ይሸታል ይላል፣ ሌላው አይሸትም ይላል።»

«ይሄኛውስ?»

ሦስታችንም አሸተትን። የተቃጠለ ሣር ይሸታል። ይህ ግን ማናችንንም አላጽናናም። የተቃጠለ ሣር ውስጥ ምን እንደገባ በምን ይታወቃል?

ጣሊያኖቹም በበኩላቸው ጭሱን አላመኑትም። አስተርጓሚያቸው ካራቢኔሪ ከሚባሉት ፖሊሶቻቸው ጋር ገበያ መሐል ቆሞ፣ ዳገት ላይ ያለ ፈቃድ እሳት ያነደደ ሰው ለሽፍታ ምልክት እንደሰጠ ይቆጠራል ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጭስ ባለቤት ተፈለገለት። እናቴ ጨው ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ፣ «እንዴት ነው፣ ትናንት እናንተ ጣሪያ ላይ ጭሱ በዝቶ ነበር። ድግስ ነው ወይስ እንግዳ?» አላት እየሳቀ።

እሷም እየሳቀች፣ «እርጥብ እንጨት ነው፤ ድግስ ቢሆን አንተን እተዋለሁ?» አለችው።

ቤት ስትገባ ግን ሳቋ የለም። «ለማን ሊነግር ነው የጠየቀኝ?» አለች። ያን ቀን እሳት ሳይነድ ቆሎ በልተን ዋልን።

ጎረቤታችን ከእኛ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር ቤቱ። ጌዴኦ ነው፤ በአባቴ ዕድሜ ነው። አንቱ ማለት የሚገባኝ ሰው ነበር፤ ቤታችን ግን አንተ ነበር የሚለው፣ ስጽፍም እጄ ወደዚያው ሄደብኝ። ለአባቴ ገባር ነበር። ቡናችን የበቀለበት መሬት ቀድሞ የአባቱ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ። ጣሊያን ገባርነትን አስቀረሁ ካለ በኋላ ማሩንም እህሉንም ማምጣት ተወ። ሰላምታውን ግን አልተወም። ብቻ ለእናቴ «እሜቴ» ይል የነበረው «እናት» ማለት ጀመረ። እናቴን ከማሩ መቅረት ይልቅ ይህ አሳሰባት።

በዚያ ዓመት ባዶ የተገኘ ቤት ሁሉ ባለቤት ይቀይር ነበር። ሸሽቶ የሄደ ሰው ሲመለስ በቡናው ውስጥ የሌላ ሰው ፍየል ታስራ ያገኛል። ስለዚህ እናቴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትሄድ አንዳችንን ደጃፍ ላይ ታስቀምጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ጭሱ ከወትሮው ወፍራም ሆኖ ከዳገቱ በኩል የሚወርድ መሰለ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን ጉበኑ ላይ አድርጎ፣ ሽቅብ አየ።

«እሱ ነው» አለ። «እንደ ንብ አጭሶ ሊያስወጣኝ ነው።»

«ጋሼ፣ ከቆላ የመጣ ቢሆንስ?»

«ቆላ በዚያ ነው፤ ይሄ ከላይ ነው። ዓይን የለህም?»

እናቴ በሩንና መስኮቱን ዘጋች። የግድግዳውን ስንጥቅ በእንሰት ቅጠልና በጨርቅ ደፈነች። ከዚያ የውጭውን ክፉ ጭስ ለመመለስ የምታውቀውን አደረገች። ቀበሪቾ ቆርጣ ፍም ላይ ጣለች። በእኛ ዘንድ በሽታም ሆነ የሰው ዓይን ሲያሰጋ የዚያ ሥር ጭስ ይታጠኑታል። ወንድሜ ጋቢ ተከናንቦ ጎንበስ ብሎ ታጠነ። ሲያስለው፣ «እየለቀቀው ነው» ትላለች፤ ሌላ ሥር ትጨምራለች።

እኔ ለማጣራት ወደ ላይ ወጣሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ዳገቱን ስወጣ የሆነውን እንዴት ልበል… እየጠራ ሄደ። መጀመሪያ የገዛ እግሬ ታየኝ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ፣ ከዚያ ሰማዩ። የጎረቤታችን ግቢ ስደርስ ፀሐይ ነበር። ወደ ታች ሳይ ጭሱ ዲላ ላይ እንደ ተገደበ ውኃ ተኝቷል፤ የእኛ ቤት ከሥሩ ነው። በግቢው ውስጥ የሚነድ ነገር ፈለግሁ። ከጣሪያው ሣር ውስጥ ከሚወጣው የምድጃ ጭስ በስተቀር ምንም የለም።

ሰውየው እንሰቱ ሥር ሆኖ አየኝ። «እሳት ፍለጋ መጣህ?» አለኝ።

አንተ ልበለው ወይስ አንቱ፣ ጠፍቶኝ ነበር። «ወንድሜ ታሟል» አልኩ በመጨረሻ።

«ይሰማል። ሳሉ እዚህ ድረስ ይሰማል። እዚህ ይምጣ። ጭሱ እዚህ አይወጣም። እናትህም ትምጣ።»

ወርጄ ያየሁትንና የነገረኝን ስናገር እናቴ ፍሙን መቆስቆሷን አቆመች።

«እናትህም ትምጣ አለ?»

«አዎ።»

«አየህ! ሁላችንም። ቤቱ ባዶ እንዲሆን።»

ወንድሜም ከጋቢው ውስጥ፣ «የምድጃ ጭስ ነው ብሎ አሳመነህ?» አለኝ። «አንተን ማሳመን መቼ ከበደ!»

ከዚያ በኋላ ነፋስ የሚባል የጠፋበት ቀን መጣ። ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ እንደ ቀላች የመዳብ ሳህን ነበረች፤ ዓይንን ሳይወጋ ትታያለች። ወንድሜ መተኛት አቃተው፤ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አፉን ከፍቶ ነበር አየር የሚፈልገው። ከንፈሩ ጠቆረ። ፉጨቱ ራሱ እየቀጠነ ሄደ። ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ከሁለት ልጆቹ ጋር የቀርከሃ ቃሬዛ ይዞ ቆሟል።

«አልጠራንህም» አለችው እናቴ።

«አዎ፣ አልጠራችሁኝም።»

ወንድሜ ቀና አለ። ቃሉን እየቆራረጠ፣ «ምን… ትፈልጋለህ?» አለው።

«መሬቱን» አለ ሰውየው። «የአባቴ ነው። አንተም ታውቃለህ። ግን አንተ እዚህ ከሞትክ፣ ሰው እኔን ነው የሚለው። ካራቢኔሪ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ዳንና እንካሰሳለን።»

የወንድሜ ፊት ላይ ለቀናት ያላየሁት ነገር መጣ፤ ፈገግታ ነበር። «እማዬ፣ አሁን… እውነት ተናገረ» አለ። ክንዱን ለልጆቹ ዘረጋ።

እናቴ ግን አልወጣችም። ቤቱን ለማን ትታ! እኔን አብሬ እንድሄድ አዘዘችኝ፤ ጆሮዬ ላይም፣ «ከዚህ ሰው ላይ ዓይንህን እንዳትነቅል» አለችኝ።

ላይ ቤት ወንድሜ ተነፈሰ። ሌላ ምን ብዬ ልጽፈው? ተነፈሰ። በማግስቱ ጠዋት ፉጨቱ ጠፍቶ ደንግጬ ስነቃ፣ ተኝቶ ነበር፤ በጀርባው። ከንፈሩ መልኩን አገኘ። የቤቱ ሴቶች ዋሳ ጋግረው ሰጡት፣ በላ። እንሰት አንወድም ስንል ነው ያደግነው፤ እሱ ግን በላ። ከሰውየው ጋር ስለ ድንበሩ ሲከራከሩ እንኳ ሰማሁ። «ያ ዋንዛ ያንተ ሊሆን ይችላል» ይላል ወንድሜ፣ «ከዋንዛው ወዲህ ያለውን ግን እንዳታስበው!» ሰውየው ይስቃል፤ «መጀመሪያ ዋንዛውን ስጠኝ» ይላል። እኔም ዓይኔን መንቀል ጀምሬ ነበር።

እንዲህ ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ወንድሜ የእንሰቱ ጥግ ሆኖ ወደ ታች ሲያይ ድንገት ተነሣ። ከተኛው ጭስ መሐል ሌላ ጭስ፣ ነጭና ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከእኛ ግቢ ነው።

«ቤቱን አቃጠሉት!» አለ።

«እኔ ሄጄ ልይ፣ ጋሼ። እሮጣለሁ።»

«አንተን ያታልሉሃል።»

ጎረቤታችን ከቤት ወጣ። «ልጁ ይሂድ። አንተ አትውረድ፤ ዛሬ ታች ከባድ ነው።»

ወንድሜ ዞር ብሎ አየው። ስለ ዋንዛው ሲከራከር የነበረው ፊት አልነበረም። «እኔ እንዳላይ ለምን ፈለግህ?» አለው። «ልጆችህስ የት አሉ?»

ልጆቹ ውኃ ሊቀዱ ሄደው ነበር። ሰውየው ይህን ነገረው። ወንድሜ ግን መውረድ ጀምሯል። ክንዱን ያዝኩት፤ አስለቀቀኝ። እንደገና ያዝኩት፤ «ልቀቀኝ አልኩህ!» ብሎ ገፈተረኝ። ከዚያ በፊት ገፍትሮኝ አያውቅም። መጀመሪያ በፍጥነት ይራመድ ነበር፤ ጭሱ ውስጥ ስንገባ ቀስ አለ፤ ቀጥሎ በየቡናው ግንድ ላይ እየተደገፈ ሄደ። ጀርባዬ ላይ ልሸከመው ጎንበስ ስል በእጁ እያሳየ «ቤቱ፣ ቤቱ» ይለኛል።

ቤቱ ቆሟል። እናቴ ግቢው መሐል ደረቅ ቅጠልና አሮጌ የጣሪያ ሣር ከምራ፣ ላዩ ላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል አድርጋ እያነደደች ነበር። በጠዋት የማታውቃቸው ሰዎች ቡናው ውስጥ ሲሄዱ አይታ፣ ቤቱ ሰው እንዳለበት ከሩቅ እንዲታወቅ ነው ያነደደችው። የአስተርጓሚውን ትእዛዝ እያወቀች። ከካራቢኔሪ ይልቅ ባዶ ቤት መስሎ መታየቱን ፈራች።

ወንድሜ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «አለ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እናቴ ውኃ ይዛ ስትሮጥ፣ እኔ እሳቱ ላይ አፈር ስበትን፣ ጎረቤታችንና ልጆቹ ቃሬዛውን ይዘው ደረሱ። ግን ወንድሜን ይዘው ዳገቱን ግማሽ እንኳ ሳይወጡ አለፈ። እጁን ይዤ ነበር።

ለቅሶው ላይ ብዙ ነገር ተባለ። መርዝ ነው ያለ አለ፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ሰማሁ ያለ አለ። የሚበዛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ዳገቱ እያየ ነበር የሚያወራው። እኔ የማውቀውን ልናገር አፌን ስከፍት፣ ማውራት የምጀምረው ስለ እናቴ እሳት እንደሚሆን ታወቀኝና ዘጋሁት።

ጎረቤታችን ብቻውን መጣ። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም፤ ምሰሶው አጠገብ ቆሞ ቀረ። እናቴ እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣትም ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ምን አበላኸው?» አለችው።

ዘመዶቻችን ተያዩ። አንዱ ሊነሣ አኮበኮበ።

«ዋሳ» አለ ሰውየው። «ወተት። ጎመን በቅቤ።»

«በላ?»

«በላ።»

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ከእጇ አንድ ጉርሻ ሳያስለው ውጦላት አያውቅም ነበር። «ሲበላ አላሳለውም?» አለች።

«አላሳለውም። ጨርሶ ደግሞ ጠየቀ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው፣ እማዬ። ሁለተኛም ጠየቀ።»

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ነጠላዋን ሰብስባ በአጠገቧ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀች። «ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ። ፊቷን ሳትጠርግ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ ጎመኑን ማን እንደሠራው፣ ወተቱን በምን እንደጠጣ፣ ሲበላ ምን ይል እንደነበር ትጠይቀው ጀመር።